በቡላ የተወጠረ አውሮፕላን

ቡላ ትወዳላችሁ? እኔ ነፍሴ ነው። በቅቤ ተለውሶ ከቀረበልኝ ማንንም አላውቅም። ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ስበላው፣ አንድ ቀን አውሮፕላን ክንፍ ላይ እቀባዋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ቀባሁት! በረረም! አዎ፣ በረረ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ይሄን ወሬ ስጀምር ወደ መሐሉ ካልዘለልኩ ደስ አይለኝም፤ ዛሬ ግን እታገሣለሁ።

የድሮዊንግ አስተማሪ ነኝ። የማሽን፣ የቤት፣ የድልድይ ሥዕል በሚሊሜትር ሳሰምር እውላለሁ። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ መጥቼ፣ ሙቀቱን እየተራገምኩ ተመርቄ፣ ታደለችን አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። የታደለች አባት አባባ አንጁሎ የጨንቻ ሸማኔ ናቸው። ሸማኔ ስላችሁ ዝም ብሎ ሸማኔ እንዳይመስላችሁ። ሌሎች ሸማኔዎች የሠሩትን ልብስ በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው «እም» ይላሉ፤ ባለቤቱ ያን «እም» ይዞ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

እና ታደለችን ፈልጌ ሽማግሌ ስልክ እኚህ ሰውዬ ምን ብለው ጠየቁ መሰላችሁ? ደሞዙ ስንት ነው አላሉም። ዘሩ ከየት ነው አላሉም። «እጁ ምን ያውቃል?» ነው ያሉት። ሽማግሌዎቼ ተያዩ። አንዱ ደፈር ብሎ «ይስላል» አለ። ምን ይስላል? ድልድይ ይስላል። አባባ ትንሽ አሰቡና «የሳለውን ድልድይ ማን ተሻገረው?» አሉ።

በቃ። ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ጥያቄያቸውን ግን አልተዉትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እየበላሁም እየጠጣሁም ያ ጥያቄ ከጎኔ ነበር። የቤታችን በር ማጠፊያ ሲወልቅ መዶሻ አነሣለሁ፤ አባባ ከጨንቻ ለጥየቃ ወርደው ከሆነ ቀስ ብለው ከእጄ ይቀበሉኛል። አይቆጡም እኮ! ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ቢላ ሲይዝ እንደሚቀበሉት ነው የሚቀበሉኝ። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ጨንቻ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ማለት ሲያቅታቸው ደግሞ ጠቅልለው እኛ ጋ ገቡ። የሽመና ዕቃቸው በገመድ ታስሮ ከጣሪያችን ሥር ተሰቀለ፤ እሳቸውም ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው መዶሻ እስካነሣ መጠበቅ ጀመሩ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ካርቶኑ የተገኘው። ኮሌጃችን የንብረት ቆጠራ ነበር። ከመደርደሪያ ጀርባ፣ አቧራ የጠጣ ረጅም ካርቶን ወጣ። ላዩ ላይ አውሮፕላን ተሥሏል። ከፈትኩት። አቤት! ባልሳ የሚሉት ከቡሽ የቀለለ እንጨት፣ በወረቀት ቅጠን የተቆራረጠ። ከነሙሉ ፕላኑ! ትንሽዬ ሞተር፣ ማራገቢያ፣ ጎማ፣ ሪሞት። ለማስተማሪያ የተገዛ፣ ማንም ሊገጣጥመው ያልደፈረ፣ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን። ልቤ መምታቷን ትታ መዝለል ጀመረች። ይሄ ድልድይ አይደለማ! ይሄ ተሥሎ የሚቀር ነገር አይደለማ! ይሄን ሠርቼ፣ አባባ አንጁሎ ዓይን ሥር አብርሬ፣ ያን ጥያቄ አንድ ጊዜ እገላገለዋለሁ አልኩ። ፈርሜ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ቤት።

እቤት ስደርስ አባባ አዩኝና ምን እንደሆነ ጠየቁ። «አውሮፕላን» አልኳቸው። ካርቶኑን ዓይተው «ተኝታለች?» አሉ። አባባ አውሮፕላኑን ከዚያች ቀን ጀምሮ «እሷ» ነው የሚሉት፤ ካፋቸው ወጥቶ እሱ ሆኖ አያውቅም። እኔም በኋላ ተሸነፍኩላቸው።

ወዳጆቼ፣ የሠራችሁት ነገር ካለ ይገባችኋል። ካልሠራችሁ እንዴት ልንገራችሁ? ከኮሌጅ ስመለስ ሸሚዜን ሳልቀይር ወደ ጓዳ ጠረጴዛዬ እሮጣለሁ። ፕላኑን ዘርግቼ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አንጥፌ፣ የክንፏን የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ በምላጭ እያለሰለስኩ፣ በስፒል እያቆምኩ፣ በማጣበቂያ ጠብ እያደረግሁ አጣብቃለሁ። ቬንትሌተር ማብራት አይቻልም፤ እንጨቱ ብን ይላላ! የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቃላችሁ? ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ሲንጠባጠብ፣ አንዴ በፎጣ አንዴ በክንዴ እጠርጋለሁ። ሁለት ጣቶቼ ከአንድ አጥንት ጋር ተጣብቀው ታደለች በሙቅ ውሃ ነው ያላቀቀችኝ። ጭራዋን ገልብጬ አጣብቄ አፍርሼ ሠርቻለሁ። ግን ስትቆም! አጥንቶቿ በረድፍ ተሰልፈው በመስኮቱ ብርሃን ፊት ከፍ ሳደርጋት! ብቻዬን ጓዳ ውስጥ «እሰይ!» ብዬ ስጮኽ ታደለች እባብ ገባ ብላ መጥረጊያ ይዛ መጣች።

ለአባባ ግን አላሳየኋቸውም። ለምን? ኩራት ነዋ! ሳታልቅ አያዩዋትም፤ አልቃ፣ ለብሳ፣ አምራ ነው የሚያዩዋት አልኩ። ለተማሪዎቼም ስንት ዓመት ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው፦ ፊኒሺንግ! ሰው የሚያየው ፊኒሺንጉን ነው እያልኩ ነጥብ ስቆርጥባቸው ኖሬያለሁ።

አሁን የቀረው ማልበስ ነው። ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው፣ ለዚህ የሚሆን ቀይ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ በጥቅል አብሮ መኖር ነበረበት። በካውያ ሲነካ ተኮማትሮ ክንፉ ላይ ውጥር የሚል። ፈለግሁ፣ የለም። ወደ ንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አበበች ሄድኩ። «ያ ቀይ ላስቲክ?» አሉኝ ፈገግ ብለው፤ ወደ መደርደሪያቸው ጠቆሙኝ። መዝገቦቹ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀይ ለብሰው ያብረቀርቃሉ! ከስንት ዓመት በፊት ለብደውባቸዋል። እንዴት እንደጠበቁ ብታዩ! አንድ እጥፋት የላቸውም። አውሮፕላኔ ራቁቷን ቀርታ የዕቃ መዝገብ ለመብረር ተዘጋጅቷል። ልናደድ ብዬ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ደግሞ «ጥሩ ላስቲክ ነበር፣ ሌላ ካገኘህ አምጣልኝ» አሉኝ።

አኩርፌ እቤት ገባሁ። ምሳ ላይ ለታደለች ስነግራት አባባ ይሰማሉ። በላስቲክ ነው የምትለብሰው ስላቸው ፊታቸው ላይ የሆነውን ብታዩ! የሰው ልጅ ላስቲክ ለብሶ ሠርግ ሄደ የተባሉ ነው የሚመስለው። ጉርሻቸውን አስቀምጠው «ከጣሪያ አውርዱልኝ» አሉ። ምኑን? የሽመና ዕቃውን ነዋ!

ታደለች አፏን በእጇ ያዘች። እዚህ ከወረዱ ጀምሮ ዕቃውን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም ነበር። ከማንጎው ሥር የእግር ጉድጓድ ቆፈርን፤ ቆፈርን ስል ጥቂት ቆፍሬ አካፋውን ጎረቤት ተቀበለኝ። ጉልበታቸው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አንዴ «ኡፍ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የመወርወሪያውን ድምፅ ብቻ ነው።

ልክ ስጡኝ አሉኝ። እኔ እንግዲህ የሚሊሜትር ሰው ነኝ፤ ርዝመቱንም ወርዱንም ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ሆዷን ብርድ አይመታትም?» አሉ። ለካ የክንፉን ላይ ብቻ ለክቼ ታቹን ረስቻለሁ! ክንፍ ላይም ታችም እንደሚለብስ ረስቼ! አሥራ አራት ዓመት የጠበቅሁትን ቀን ገና ሳልጀምረው አበላሸሁት። አባባ ግን በስንዝራቸው አየር ላይ ሁለት ጊዜ ለኩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ክብደት ላይ ግን ተጣላን። ጨርቁ ከከበደ አትነሣም አልኳቸው። ገባቸው፤ ድሩንም ማጉንም ነጠላ ክር አድርገው፣ ስትይዙት መያዛችሁን የሚያስረሳ ጨርቅ ሠሩ። በቅመም ሻጩ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ሚዛኑ አላወቀውም። ጥለት ሲጀምሩ ግን ጮህኩ። «አባባ፣ ጥለት ይከብዳል!» እሳቸው «ጥለት የሌለው ለምን ይወጣል ከቤት?» አሉ። ለመብረር ነዋ! «ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሊያያት አይደል? በባዶው?» አሉኝ። ለመንኳቸው፣ ተማጸንኳቸው፣ ታደለችን ላክሁ። መጨረሻ ላይ ተስማማን፤ በሁለቱ ክንፎች ጫፍ ላይ ብቻ፣ ጣት የማይሞላ፣ ቀይ ቢጫ ጥቁር።

ጨርቁን ክንፉ ላይ የሚወጥረው ነገርስ? አባባ ሳያስቡ «ቡላ» አሉ። ክር የሚያጠነክሩት በሙቅ ነው፤ ከሙቅ ሁሉ ደግሞ የጨንቻ ቡላ ይበልጣል አሉ። ታደለች በብረት ድስት ቀጠን አድርጋ ማማሰል ጀመረች። አሁን ይሄን ልብ በሉልኝ። ታደለች ቡላ እያማሰለች ሳትቀምስ ማለፍ አትችልም፤ እጇ ለምዷል። ቀመሰች። ፊቷን ጨምደድ አድርጋ እፍኝ ጨው ጣል አደረገችበት! «ኧረ ለክንፍ ነው!» ስላት «ውይ!» አለች፤ ከዚያ ደግሞ ቀምሳ «አሁን ግን ጣፈጠ» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ጨው ምን ይጎዳል አልን።

ጨርቁን እኔ ያዝኩ፣ አባባ ወጠሩ፣ ቡላውን በላባ ቀባን። የእኔን አጥንቶች አላዩም ማለት ይቻላል፤ ዓይናቸው ከጨርቃቸው አልተነሣም። ፀሐይ ላይ አወጣናት። በምሳ ሰዓት ተመልሼ በጣቴ መታ ሳደርጋት «ድም!» ከበሮ! ከበሮ ሆናለች! አባባም በጣታቸው መታ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጭ፣ ውጥር ያለች፣ በክንፏ ጫፍ ጥለት ያደረገች። የሰፈሩ ሰው እየመጣ «እጅዎን ይባርከው አባባ!» ይላል። «ምን ዓይነት ልብስ ነው!» ይላል። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «ውስጡን ማን ሠራው?» እንዲል። ማንም አላለም። እኔ ለካ በገዛ እጄ ሥራዬን ለማልበስ ስጣደፍ ከርሜ ሸፍኜው አረፍኩ።

ምንም አይደለም፣ ስትበር ያዩታል አልኩ። ከኮሌጁ የፈቃድ ደብዳቤ አሠርቼ፣ እሑድ ጠዋት ከአየር ማረፊያው ርቀን፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች ወዲህ ያለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ወጣን። ግማሽ ሰፈር ተከትሎናል። ለአባባ ወንበር ይዘንላቸዋል፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እጄ ላይ ያለው ሪሞት በላቤ ይንሸራተታል። ማብረሩን በኮምፒውተር ብዙ ተለማምጃለሁ፤ ግን በኮምፒውተር አማች የለም።

ታደለች ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ሮጠችና ወረወረቻት። ዝቅ አለች። ሣሩን ልትነካ! ሞተሩን ጨመርኩ፤ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ወጣች! ኧረ ወጣች! ከሙዙ በላይ፣ ከግራሩ በላይ፣ ፀሐይዋ በጨርቁ ውስጥ አልፋ ክንፏ እንደ ፋኖስ በርቶ! እኔ የሠራኋት! በእነዚህ ከታደለች ሙቅ ውሃ በተረፉ ጣቶቼ! እንባዬ መጣ፤ አላፍርም፣ መጣ። ሕዝቡ «ጋቢው በረረ! ጋቢው በረረ!» ይላል። አባባ ከዘራቸውን ጥለው ከወንበራቸው ተነሥተዋል! በጋሞኛ ይጮኻሉ። «ምን አሉ? ምን አሉ?» አልኳት ታደለችን፣ ዓይኔን ሳልነቅል። «ጥለቱን እዩት፣ ጥለቱን እዩት ነው የሚሉት» አለችኝ።

አያችሁ? ሰማይ ላይ ወጥቼም ጥለት በለጠኝ።

በዚህ ንዴት ይሁን በደስታ፣ አንዲት ዙር ልጨምር ስል ባትሪው ደከመ። ሞተሯ ዝም አለ። ሳትወድቅ፣ እየተንሳፈፈች፣ ቀስ ብላ ከመስኖው ቦይ ማዶ ከሙዙ ጥግ ሣር ላይ አረፈች። እንዴት ያለ ማረፍ! አጨበጨቡ። አሁን ሮጦ ማንሣት ነበር። ግን አባባ «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። የቦዩ መሻገሪያ እንጨት ደግሞ ራቅ ብሎ ነው ያለው። አማቴን ጥዬ ልሩጥ? በሰፈሩ ሁሉ ፊት? አይሆንም። እኔ በአንድ ክንዳቸው፣ ታደለች በሌላው፣ እሳቸው በየአምስት እርምጃው ቆም እያሉ ለሰው ስለ ጥለቱ እያስረዱ፣ ዞረን ደረስን።

ስንደርስ ላም ቆማለች። ቀይ፣ ቀንደ መልካም፣ የሙዝ ማሳው ባለቤት የጋሽ ማሞ ላም። ከአፏ የጥለት ጫፍ ተንጠልጥሏል። እያየናት ሳብ አድርጋ ዋጠችው።

ታደለች ቀስ ብላ «ጨዉ…» አለች።

ከክንፉም፣ ከሆዷም፣ ከጭራዋም ጨርቅ የሚባል አልተረፈም። ላሚቱ ክንፉን ላይ ታች ልሳ፣ ጨርቁን ገፍፋ፣ አጣጥማ በልታዋለች። ጋሽ ማሞ ከማሳው እየሮጡ መጥተው ላሜን ምን አበላችኋት ብለው ይጮኻሉ። ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ማታ። ከሁሉ የባሰ ግን የአባባን ፊት ማየት ፈራሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሠሩት ጨርቅ ነው የተበላው።

አባባ ግን ጎንበስ አሉ። በዚያ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። አጥንቷ ብቻ የቀረውን አውሮፕላን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው የክንፉን የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ፣ ድር እንደሚቆጥሩ፣ እየነኩ ሄዱ። ሁለቱ ብቻ ተሰብረዋል። ሌሎቹ በረድፋቸው ናቸው። መጋጠሚያዎቹን ነካ አደረጉ። «እም» እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ይህቺን ማን ሠራ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን አላሳየኸኝም?»

«እርስዎ አለበሷት እኮ!»

ሳቁ። አይቼው የማላውቀው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዚያ ተሰብስቦ ወደሚያየን ሰው ዞር ብለው፣ እኔን ሳይሆን ሰፈሩን፣ «እጁ ያውቃል» አሉ። ሁለት ቃል! ለሁለት ቃል አሥራ አራት ዓመት! ላሚቱን አንገቷን አቅፌ ልስማት ስል ጋሽ ማሞ ከለከሉኝ።

አሁን እቤታችን ሳሎን ውስጥ አውሮፕላን ተሰቅላለች። የተሰበሩትን ጠግኛለሁ። አባባ አዲስ ጨርቅ ሠርተው አለበሷት፤ ግን አንድ ክንፏን ብቻ። ሌላኛው ይታይ ብለው ከለከሉ። እንግዳ ሲመጣ በከዘራቸው መጀመሪያ ራቁቱን ክንፍ፣ ቀጥሎ የለበሰውን ይጠቁማሉ። እንዲህ ሆና ልትበር እንደማትችል ነግሬያቸዋለሁ። በርራ ታውቃለች፣ ምን ቀራት አሉኝ። ቤት ውስጥ መዶሻ ሳነሣም የሚቀበለኝ የለም፤ እንዲያውም አሁን ሁሉም ነገር የሚጠገነው በእኔ ሆኖ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ፊኒሺንግ ላይም ተማሪ መጣል ትቻለሁ።

ጋሽ ማሞ አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይወቅሱኛል። ላሚቱ ደህና ናት፣ ወተቷም አልቀነሰም። ነገር ግን የአዲስ አበባው አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ በኩልፎ ላይ ሲያልፍ፣ ሌሎቹ ከብቶች ሲግጡ እሷ ብቻዋን አንገቷን ቀና አድርጋ እስኪያልፍ ታየዋለች አሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሰው ቀለሙን ያያል፤ እኔና ላሚቱ ልብሱ ቢወልቅ እያልን ነው የምናየው። እኔ አጥንቱን ማን እንደሠራው ለማወቅ፣ እሷ ደግሞ ጨው ስንት እንዳደረጉበት።